አራት ዓመት ያልተመጠጠው ጉድጓድ፤ አገር ቤት ቤት ላላችሁ ሁሉ

አገር ቤት ቤት ያሠራ ዳያስፖራ ሲገናኝ ወሬው ይታወቃል። ካርታ፣ ውክልና፣ የብረት ዋጋ። በቪዲዮ ሴራሚኩን እናያለን፣ የኩሽናውን ካቢኔት እናያለን፣ የበሩን ቀለም እንመርጣለን። የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ግቢው ውስጥ የት ጋ እንዳለ ግን ከአሥራችን አንዳችን እንኳ አናውቅም። ነውርም ይመስላል። ዶላር ልኮ ስለ ሽንት ቤት ማን ያወራል?

እኔም አላወራም ነበር። ዓምና የደረሰብኝን ለአንድ ሁለት ሰው ከነገርኩ በኋላ ነው ስልኬ ዕረፍት ያጣው። "እስቲ ምን ብዬ ልጠይቃቸው?" ነው የሁሉም ጥያቄ። ለእያንዳንዱ ከማወራ ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው።

አሠራሩን ቶሎ ላገባድደው፤ ሰው የሚቃጠለው እዚያ ላይ አይደለምና።

ቤታችሁ አዲስ አበባ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠየቀው የከተማው ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን የፍሳሽ መስመር በሰፈሩ ያልፋል ወይ የሚለው ነው። የቃሊቲው ማጣሪያ ጣቢያ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ሆኖ ከተስፋፋ ወዲህ መስመር የገባላቸው ሰፈሮች ጨምረዋል። መስመሩ ካለ ጉድጓድ አትቆፍሩ፤ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤቱ አመልክታችሁ ተቀጠሉ። ከሌለ ሴፕቲክ ታንክ ነው፤ ሰፈር ውስጥ "ሴፕቲክ ታንከር" የሚሉት። ቦታው ለግንባታ ፈቃድ በሚገባው ፕላን ላይ ይሳላል። ከይዞታችሁ አይወጣም። የመምጠጫ መኪናው ቱቦ የሚደርስበት መሆን አለበት። ከአጥር ውጭ፣ መንገድ ሥር የሚቆፍሩ አሉ። አንድ ቀን መንገድ ሊሠራ ኤክስካቫተር ይመጣና ጉዳችሁን ያወጣዋል።

ሕግ ለሚወድ፦ በ1992 የወጣው የኅብረተሰብ ጤና አዋጅ ቁጥር 200 ፍሳሽን አካባቢን በሚበክል መንገድ መጣልን ከልክሏል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1225 ደግሞ ባለቤት ጎረቤቱን በጭስ፣ በጥላሸት፣ በመጥፎ ሽታ፣ በጩኸት ከመልካም ጉርብትና ልክ አልፎ እንዳያውክ ያዛል። ሕጉ የወጣው በ1952 ነው። ሽታ ያኔም ሰው ያጣላ ነበር ማለት ነው። አዲስ አበባ በ2017 የወንዝ ዳርቻ ብክለትን የሚመለከት ደንብ አውጥታ ፍሳሽ ወደ ወንዝ የሚለቀውን መቅጣት ጀምራለች። ይሄኛውን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ደህና ሴፕቲክ ታንክ ቢያንስ ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ትልቁ ነው፣ ከጠቅላላው ሁለት ሦስተኛ ገደማ። ከባዱ ነገር ወደ ታች ይዘቅጣል፣ ቅባትና አረፋው ይንሳፈፋል፣ መሃል ያለው ውሃ በቲ ቅርጽ ቧንቧ ወደ ሁለተኛው ክፍል ያልፋል። ከዚያ ወደ ማስረጊያ ጉድጓድ ሄዶ አፈሩ ይመጠዋል። የታንኩ ወለልም ግድግዳም ውሃ ማሳለፍ የለበትም። ዝቃጩ ከጥልቀቱ ሲሶ ሲደርስ ይመጠጣል። ለእያንዳንዱ ክፍል የራሱ ክዳን፣ ለጋዙ ደግሞ መተንፈሻ ቱቦ ያስፈልጋል። የጣሪያ አሸንዳ ወደዚያ እንዳይገባ። ክረምት ላይ በአንድ ዝናብ ይሞላል።

ጣጣው አፈሩ ላይ ነው። ጥቁር ዋልካ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ውሃ ደግሞ አይመጥም። በተራ ድንጋይ የተገነባ ታንክ እየገፋ ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ዋልካ ላይ ከሆናችሁ ፌሮ ያለው አርማታ ነው፣ ሌላ የለም። ማስረጊያ ጉድጓዱም ብዙ አያሰርግም። አንድ ስሌት ልስጣችሁ። ስድስት ሰው፣ ለአንድ ሰው በቀን 60 ሊትር ብንይዝ 360 ሊትር ነው። 12 ሺህ ሊትር የሚይዝ ታንክ ውሃው የሚሄድበት ከሌለው በ33 ቀን ይሞላል። ሰርቪሱ ውስጥ ሌላ ስድስት ሰው ካለ በ17 ቀን።

ይህን ስሌት ማንም በስልኩ ይሠራዋል። እኔ አራት ዓመት አልሠራሁትም።

ቤቴ አዲስ አበባ፣ ሰሚት በኩል ነው። ዋልካ። ያሠሩልኝ የእናቴ ወንድም ናቸው፣ ጋሼ ነው የምላቸው። አባቴ ከሞተ በኋላ ደብተርና ጫማ የገዙልኝ እሳቸው ናቸው። ታሪኩን የሰማ ሁሉ "በሉሽ አይደል?" ይለኛል። አልበሉኝም። አንዲት ብር አልነኩም። ደረሰኙን ሁሉ በፌስታል ጠቅልለው አስቀምጠውልኛል። ነገሩን ከባድ ያደረገውም ይኸው ነው። ሌባ ቢሆኑ ኖሮ ይሄ ጽሑፍ ሁለት መስመር ይበቃው ነበር።

ጉድጓዱ ሲቆፈር፣ በ2012 መጨረሻ፣ ደወልኩ።

"ጋሼ፣ ሴፕቲኩ ሁለት ክፍል አለው አይደል?"

"አንቺ ልጅ፣ እኔ ቆሜ እያለሁ ስለ ሽንት ቤት ታስቢያለሽ?"

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ጥያቄው እዚያው ቀረ።

ሁለት ፎቶ ደረሰኝ። በአንደኛው ጉድጓዱ ተቆፍሯል፣ ሁለት የቀን ሠራተኞች አካፋ ተደግፈው ቆመዋል። በሁለተኛው ሶሌታው ተሞልቶ፣ አፈር ተመልሶበት፣ ሣር ሳይቀር ተተክሎበታል። በሁለቱ መካከል ያለው ሁሉ፣ ገንዘቡ የወጣበት ሁሉ፣ አንድም ፎቶ የለውም። አልጠየቅሁም።

ተከራይ ገባ። በየበዓሉ ስደውል ጋሼ አንድ የሚኮሩበት ነገር ነበራቸው። "የሰው ቤት በየወሩ መኪና ይጠራል። ያንቺ ጉድጓድ አንዴም አልተመጠጠ!" እኔም እዚህ ሜሪላንድ፣ ማኅበር ላይ፣ እንጀራ እየቆረስኩ ይህንኑ አወራሁ። "ዘመድ ሲያሠራ እንዲህ ነው" አልኩ። ያመሰገኑኝም ነበሩ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ቁሙልኝ። ዋልካ ላይ ያለ ታንክ አራት ዓመት ካልተመጠጠ ምስራች አይደለም። ውሃው የሆነ ቦታ እየሄደ ነው። ወዴት? ብላችሁ ጠይቁ። እናንተም ዛሬ ማታ ደውላችሁ "ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ተመጠጠ?" በሉ። "ኧረ አልሞላም" የሚል መልስ ከመጣ እንቅልፍ አይውሰዳችሁ።

ግንቦት 2017 ተከራዩ ራሱ ደወለልኝ። ቁጥሬን ያገኘው በስንት መከራ ነው። ደንብ አስከባሪዎች መጥተው ከአጥሩ ጀርባ ባለው የጎርፍ ቦይ የሚወርደው ፍሳሽ ከዚህ ግቢ ነው ብለዋል። ቦዩ ወንዝ ይገባል። ጋሼ ደግሞ "የጎረቤት ነው፣ የኛ ጉድጓድ ችግር የለበትም" ብለው ድርቅ አሉ። ከልባቸው ነበር። ሰኔ ላይ ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ።

የሳኒተሪ ባለሙያ ቀጠርኩ፣ ማንም ያላመጣልኝን። ሰውዬው ብዙ አላወራም። ሣሩን አስነስቶ ክዳኑን አስከፈተ። ከቦርሳው ቀይ ማቅለሚያ አወጣና ጉድጓዱ ውስጥ ደፋ፣ ከዚያ ቤት ውስጥ ያሉትን ቧንቧዎች ሁሉ አስለቀቀ። ሦስታችን በአጥሩ ዞረን ቦዩ ዳር ቆምን። ጋሼ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ተመርኩዘው። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ዝንብ ብቻ። ከዚያ ከድንጋዮቹ ሥር እንደ ክር የቀጠነ ቀይ ነገር ብቅ አለ። ወፈረ። ከዚያ ቦዩ በሙሉ ቀላ።

ጋሼ ረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

"ፎርማኑ ነው" አሉ በኋላ። "እዚህ ሰፈር ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው አለኝ። ለመጠባበቂያ ነው አለኝ። አንቺንም ከወጪ ላድን ብዬ ነው።"

ታንኩ ከተመጠጠ በኋላ ከላይ በባትሪ አየነው። አንድ ክፍል ነው። መሃል ግድግዳ የለም። ወለሉ ጭቃ ነው፣ ሲሚንቶ አልነካውም። ከጎን የ110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ቱቦ ወደ አጥሩ ይሄዳል። በፌስታሉ ውስጥ ያለውን የሥራ ዝርዝር አወጣሁ። "ክፍልፋይ ግድግዳ" ተከፍሎበታል። "የወለል አርማታ" ተከፍሎበታል። "የውስጥ ልስን፣ ሁለት ዙር" ተከፍሎበታል።

"ጋሼ፣ ሲሠራ ገብተው አላዩትም?" አልኳቸው።

"ምን ብዬ ላጎንብስ? ልጁ አባቴ እያለ ነው የሚጠራኝ። ሌባ ነህ ልበለው?"

እኔ ጋሼን አፈርኩ፣ ጋሼ ፎርማኑን አፈሩ፣ ፎርማኑ ማንንም አላፈረም። ታሪኩ ይኸው ነው።

ቅጣቱ፣ የተከራዮቹ መውጣት፣ እንደ አዲስ ማሠራቱ፣ ያውም ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ በሆነው ዋጋ፣ ሁሉም አለፈ። ያላለፈልኝ አንድ ነገር ነው። ከቦዩ በታች የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ። ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። ቡና አፈሉልኝ። "ልጄ፣ ለአጎትሽ ሦስት ጊዜ ነግሬያለሁ" አሉኝ። "ሽታውን ለምደነዋል። የልጅ ልጆቼ ሆድ ነው ያልለመደው።" ስልክ ቁጥሬ ቢኖራቸው ኖሮ በመጀመሪያው ክረምት እሰማ ነበር።

ስለዚህ ማንን ልመን ለሚለው ጥያቄ መልሴ ይኸውላችሁ። ከአሠራሩ ይልቅ ይሄ ላይ ጊዜ አጥፉ።

ደፍራችሁ "ያሳዩኝ" የማትሉትን ሰው ተቆጣጣሪ አታድርጉ። ሰውየው ሐቀኛ ይሁኑ አይሁኑ ጉዳዩ አይደለም። ጥያቄው አንደበታችሁ ይከፈታል ወይ ነው። አጎት፣ የክርስትና አባት፣ ታላቅ ወንድም፣ የድሮ አስተማሪ፣ እነዚህን አክብሯቸው። ሥራው ሲጀመር መርቀው ያስጀምሩ፣ ሲያልቅ ይጋበዙ። አፈር ከተመለሰበት በኋላ የማይታይ ነገር ላይ ግን ምስክር አታድርጓቸው። ለእሳቸውም ጭካኔ ነው።

ወንድም ወይ እህት ከሆነ ችግሩ ሌላ ነው። መጠየቅ ትችላላችሁ፣ ግን ኪሱ አንድ ነው። ለአርማታ የላካችሁት ብር እጁ ላይ እያለ እናታችሁ ሆስፒታል ቢገቡ ብሩ ወዴት ይሄዳል? ወደ ሆስፒታል። እኔም ብሆን አደርገዋለሁ። ከዚያ ግን አርማታው ይቀጥናል፣ ለእናንተ ማን ይነግራችኋል? ለቤተሰብ ችግር የሚሆን ብር ለብቻው አስቀምጡ፣ መኖሩንም ንገሯቸው። የግንባታው ብር በቀጥታ ለሠራተኛውና ለዕቃ አቅራቢው ይግባ።

ፎርማኑ ያመጣው መሐንዲስ የፎርማኑ ነው። ደላላ ያመጣው ተቆጣጣሪ የደላላው ነው። "ፈቃድ ምን ያደርጋል፣ እኔ እጨርስልሻለሁ" የሚል ጉዳይ አስፈጻሚ ሲመጣ ስልኩን ዝጉ።

ተከራይን እመኑ። ይሄን ስል ብዙ ሰው ይገርመዋል፣ ዘመድም አይወደውም። ጋሼ "ተከራይ ከባለቤት ጋር ምን አገናኘው?" ብለውኛል። ነገር ግን ሽታው ውስጥ የሚኖረው እሱ ነው፣ የሚደብቅበት ምክንያት የለውም። ቁጥራችሁን ስጡት። ጎረቤትም እንዲሁ። ከግራም ከቀኝም አንድ አንድ ሰው ቁጥራችሁን ይያዝ። የኪራይ ውሉ ላይ ደግሞ የመምጠጫው ወጪ የማን እንደሆነና ግቢው ውስጥ ስንት ሰው እንደሚኖር ይጻፍ። ሳትሰሙ ሰርቪሱ ተከራይቶ ከሆነ ጉድጓዱ ይነግራችኋል።

ለዓይን ክፈሉ። ቤቱን ከሚሠራው ጋር የማይተዋወቅ አንድ የሳኒተሪ ባለሙያ ፈልጉና ለሦስት ጉብኝት ብቻ ተዋዋሉት። አንደኛው ፌሮው ታስሮ አርማታው ከመሞላቱ በፊት። ሁለተኛው ግድግዳው ተለስኖ ሶሌታው ከመደፈኑ በፊት። ሦስተኛው ቱቦዎቹ ከተገጠሙ በኋላ፣ አፈር ከመመለሱ በፊት። ክፍያውም በዚሁ ይከፋፈል። የመጨረሻው ሲሶ በእጃችሁ ይቆይ። ሥራው ካለቀ በኋላ ፎርማን ስልክ አያነሳም፤ ቀሪ ካለው ግን ራሱ ይደውላል።

ቪዲዮ ተቀድቶ ከተላከ አትቀበሉ፣ የማን ጉድጓድ እንደሆነ አይታወቅም። በቀጥታ ይደወልላችሁ። ከግቢው በር ይጀመር፣ ቤቱ ይታይ፣ ከዚያ ሳይቋረጥ ወደ ጉድጓዱ ይወረድ። ሜትር ይዘርጉ፣ ቁጥሩን አንብቡት። አዎ፣ እዚህ ሌሊት ነው። ተነሡ።

ውክልናን በተመለከተ አጭር ነገር። ለእንዲህ ያለ ሥራ ሙሉ ውክልና አያስፈልግም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ራሱ ይለየዋል፤ ንብረት መጠበቅ፣ ማደስ፣ ከሦስት ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ማከራየት የአስተዳደር ሥራ ነው (አንቀጽ 2204)፤ መሸጥና በዋስትና ማስያዝ ግን ልዩ ሥልጣን ይፈልጋል (አንቀጽ 2205)። ኤምባሲ የሚገኘውን የተዘጋጀ ቅጽ ሳታነቡ አትፈርሙ። "ለመሸጥ፣ ለመለወጥ" የሚለውን መስመር ካላስፈለጋችሁ አስወጡት። ለጉድጓድ ብላችሁ የሰጣችሁት ወረቀት ቤቱን ይዞ እንዳይሄድ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ቀረኝ። ርካሽ የመምጠጫ መኪና ስትጠሩ የት እንደሚደፋ ጠይቁ፤ ባለሥልጣኑ ማራገፊያ መሄድ አለበት። ሌሊት ቦይ ውስጥ የሚለቅ አለ፣ የሚለቀው ደግሞ የእናንተን ነው። ደረሰኝ ይያዝ፣ ቀኑ ይመዝገብ። ሌላው፣ ማንም ሰው ለማጽዳት ብሎ ጉድጓዱ ውስጥ እንዳይገባ። "ቶሎ ነው፣ ገብቶ ይወጣል" ይሏችኋል። ውስጡ ያለው ጋዝ በደቂቃ ሰው ይጥላል፣ ሊያወጣው የገባውንም ይጨምራል። ከላይ በመኪና ካልሆነ አይጸዳም፣ በቃ።

አዲሱ ታንክ የተሠራው ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት ላይ ነው። ባለሙያው ሶሌታው ከመደፈኑ በፊት ውሃ ይሞላ አለ። አሠራሩ ቀላል ነው። ታንኩን አፍ እስከ ገደፉ ትሞላላችሁ። የመጀመሪያውን ቀን አርማታው ራሱ ትንሽ ይጠጣል፣ እሱን አትቁጠሩት። በማግስቱ የጎደለውን ትሞሉና ውሃው ጫፍ ላይ በጠመኔ ታሰምራላችሁ። ከ24 ሰዓት በኋላ መስመሩን ታያላችሁ።

ጠመኔውን ለጋሼ ሰጠኋቸው። ገንዘብ አይዙም፣ ከፎርማን ጋር አይነጋገሩም። ማስመር ብቻ፣ አይቶ መደወል ብቻ። ቅር ይላቸው ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር።

በማግስቱ አዲስ አበባ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ እኔ ጋ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት፣ ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ናቸው። ካሜራውን ሳልጠይቃቸው ወደ ታንኩ አዙረውታል። ነጩ መስመር ይታያል፣ ውሃው ከሥሩ ነው።

"ሁለት ጣት ወርዷል" አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሠራተኞቹ እንዳይሰሙ ይመስላል። "እንዳትከፍዪው። ይለስነው።"